እማዬ 70 ቁጥርን ስትጠብቅ ዋለች፦ አዲሱን የዲሲ ባስ እንዴት ላስለምዳት?

የእማዬ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። አሜሪካ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። እንግሊዝኛ አታነብም፤ 70 ቁጥር ባስን ግን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ከሲልቨር ስፕሪንግ ትሳፈርና ጆርጂያ አቬኑን ይዛ ትወርዳለች። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጋ ሐኪሟ አለ፣ ትንሽ ዝቅ ሲሉ ደግሞ የእህቴ ቤት። ብቻዋን የምትሄድበት መንገድ ይሄ ብቻ ነው።

ባለፈው እሁድ፣ ጁን 29፣ 2025፣ የሜትሮ ባስ (የዋሽንግተን ዲሲና የአካባቢው የሕዝብ ባስ) ቁጥሮች በሙሉ ተቀየሩ። ማስታወቂያውን አይቼው ነበር። «ማታ እነግራታለሁ» ብዬ ረሳሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰኞ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ፌርማታው ላይ ቁጭ ብላ 70ን ጠበቀች። ዲ40 መጣ፣ አለፈ። ሌላ መጣ፣ አለፈ። አንዱ ሹፌር አሳዘነችው መሰለኝ በሩን ከፍቶ በእጁ «ነይ» ሲላት፣ እሷ በጨዋነት ጎንበስ ብላ «ኖ፣ ኖ፣ ሰቨንቲ» ብላ ሸኘችው። ቤት ስትመለስ «ዛሬ 70 አድማ መታ መሰለኝ» አለችኝ።

አሁን ዲ40 በእርግጥ የድሮው 70 ነው? ፊደሉን ሳታነብ እንዴት ትለየዋለች? ጎረቤታችን ደግሞ «ባስ ነፃ ሆኗል» ብላታለች፤ እውነት ነው?

መሪ ጨባጭ፦
እህቴ፣ በዚያ መስመር ባልሠራም ባስ ነጂ ነኝ። አዎ፣ ዲ40 የድሮው 70 ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በጆርጂያ አቬኑ፣ ከዚያም በ7ኛው መንገድ ወደ ዳውንታውን ይወርዳል።

በነገራችን ላይ 70 የሚለው ቁጥር ከትራም ዘመን የተረፈ ነበር። ዲሲ ውስጥ የድሮው ትራም የቆመው በፈረንጆቹ 1962 ነው፤ ቁጥሩ ግን እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ አብሮን ኖረ። እናትሽ ብቻ አይደሉም ግራ የገባቸው፤ 20 ዓመት የነዱ ጓደኞቼም በሬዲዮ የድሮውን ቁጥር ይጠራሉ።

አዲሱ አሠራር ከገባሽ ቀላል ነው። ፊደሉ ሰፈሩን ይነግርሻል። ዲ ወደ ዲሲ ዳውንታውን የሚገባ ነው። ሲ ዳውንታውን ሳይገባ ከተማውን አቋርጦ የሚሄድ። ኤም ሞንትጎመሪ፣ ፒ ፕሪንስ ጆርጅስ፣ ኤ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ፣ ኤፍ ፌርፋክስ በኩል።

ለእናትሽ የምፈራላቸው ሌላ ነገር ነው። እዚያው ጆርጂያ ላይ ዲ4ኤክስ የሚባል አለ፤ የድሮው 79 ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ኤክስ ያለበት ባስ ፈጣን ነው፣ ብዙ ፌርማታ ይዘላል። በስህተት ከገቡበት የእህትሽን ቤት በመስኮት እያዩት ያልፋሉ።

እትዬ ከታኮማ፦
ልጄ፣ እኔም ፈረንጅኛው ብዙ አይገባኝም፣ ስለዚህ በእኛ ዘዴ ልንገርሽ። የመጀመሪያዋ ፊደል ለሁለት የተቆረጠ እንጀራ ትመስላለች፣ አንድ ጎኗ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ክብ። ከዚያ 40። ለእናትሽ «የወንድ ልጅ ክርስትና» በያት። በቃ አትረሳውም። 80 ካየች የሴት ልጅ ክርስትና ነው፣ የሷ ባስ አይደለም ትተወው። መጨረሻው ላይ ያዘመመ መስቀል የሚመስል ነገር ካለም አትግባ፤ ያ ነው ልጁ ፈጣን ያለው።

ቦሌ ሜሪላንድ፦
አፑን ስልኳ ላይ ጫኝላት። ሜትሮፐልስ ይባላል፤ ባሱ የት እንደደረሰ ያሳያል። ይሄ ሁሉ እንጀራ ምናምን አያስፈልግም።

የእማዬ ልጅ፦
ወንድሜ፣ የእማዬ ስልክ ቫይበር ለመደወል ብቻ ነው የሚነካው። የእትዬን ዘዴ ዛሬ ማታ እሞክራለሁ፤ እየሳቅኩ ነው ያነበብኩት።

ሳምሪ፦
ስለ ክፍያው፣ ጎረቤታችሁ ግማሹን ነው የሰማችው። ነፃ የሆነው ራይድ ኦን ነው፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ባስ። እሱም የጀመረው በዚያው በጁን 29 ስለሆነ ሰዉ ሁለቱን ወሬ ቀላቅሎታል። ሜትሮ ባስ አሁንም 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ላይ ሁለቱም ስለሚቆሙ፣ እናትሽ በነፃ መስሏቸው ዲ40 ላይ ሳይከፍሉ ቢገቡ ሊያፍሩ ይችላሉ። ያን ደግሞ አይወዱትም።

ግን 67 ዓመታቸው ከሆነ ለምን ሙሉ ይከፍላሉ? ከ65 ጀምሮ የሲኒየር ስማርትሪፕ ካርድ (የአረጋውያን የሜትሮ መክፈያ ካርድ) አለ፣ በግማሽ ዋጋ ይሄዳሉ። ዕድሜ የሚያሳይ መታወቂያ ይዘው ራሳቸው መቅረብ አለባቸው። በጥሬ ገንዘብ የሚከፍሉ ከሆነ አስተዪያቸው፤ በካርድ ከሆነ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ሌላ ሜትሮ ባስ ቢቀይሩ ድጋሚ አይከፍሉም፣ በጥሬ ገንዘብ ግን ይሄ የለም። አንቺም ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጋፍ) ካለሽ ሜትሮ ሊፍት የሚባለውን ሙዪ፣ ለዲሲም ለሜሪላንድም ለቨርጂኒያም ነዋሪ ግማሽ ይቀንሳል። ብዙ አበሻ አያውቀውም።

መሪ ጨባጭ፦
ሳምሪ ልክ ናት። አንድ የረሳሁት ነገር፦ አንዳንድ ፌርማታዎች ተነስተዋል፣ ተቀራርበው የነበሩት። ስለዚህ ከመላክሽ በፊት አንድ ቀን አብረሻቸው ተሳፈሪ። የሚሳፈሩበት ብቻ ሳይሆን የሚወርዱበትና ለመመለስ የሚጠብቁበትም መኖሩን በዓይንሽ እዪ። መመለሻውን ሁሉም ሰው ይረሳዋል።

ፌርማታው ምሰሶ ላይ ሰባት አኃዝ ያለው ቁጥር ታገኚያለሽ። ወደ 202-637-7000 ደውለሽ እሱን ብታስገቢ ባሱ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ይነግርሻል። አፕ አያስፈልገውም። ሰው ካነጋገርሽም አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ።

በወረቀት ላይም ጻፊላቸው። ወፍራም እስክሪብቶ፣ ትልቅ ጽሑፍ፣ በአንድ በኩል የባሱ ቁጥር፣ በሌላው የሚወርዱበት መንገድ ስም። ለሹፌሩ ሲሳፈሩ ያሳዩት። እኛ ቆመን ሰው ሲያሳየን ነው የምናነበው፣ እየነዳን አይደለም።

ቦሌ ሜሪላንድ፦
እሺ ተሸነፍኩ። ከፖስታ ካርቶን ቁረጪው፣ ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ይጨማደዳል።

የእማዬ ልጅ (ከሦስት ቀን በኋላ)፦
ልንገራችሁ። ረቡዕ አብረን ሄድን። እህቴ ቤት ጋ የነበረው ፌርማታ አለ፤ ሆስፒታሉ ጋ ያለውም አለ። የመመለሻውን ቁጥር ቀድቼ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩ፣ ስትደውልልኝ እኔ እነግራታለሁ። ካርቶኑን ከሻይ ቅጠል ፓኮ ላይ ቆረጥኩት።

ዛሬ ብቻዋን ወጣች። መጀመሪያ የመጣው ባለ ኤክሱ ነበር፤ «መስቀሉ ተጋድሟል» ብላ አሳለፈችው። ቀጥሎ ዲ40 ሲመጣ ካርቶኑን አውጥታ ከባሱ ግንባር ጋር አስተያየችው። ሹፌሩን «የወንድ ልጅ ክርስትና?» ብላ በአማርኛ ጠየቀችው። አበሻ ነበር። እስክትወርድ እየሳቀ ነው የወሰዳት አለች።

የሲኒየር ካርዱን ማክሰኞ እናወጣለን።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ ገባሁ። ኤች ስትሪት ላይ የነበረው ኤክስ2 የት ሄደ?

መሪ ጨባጭ፦
ዲ20።