ጥቆማ፦ በደሴና በኮምቦልቻ የመኪና ቀለም በኮምፓውንድ ለምታስወለውሉ

በዚህ ሳምንት ሦስት ጎረቤቶቼ ስለ መኪናቸው ቀለም ጠይቀውኛል። አንደኛው በረጅም አገልግሎት የደበዘዘ ነጭ ሃያስ፣ ሁለተኛዋ አንድ ጎኑ በቅርቡ ጋራዥ የተቀባ ቪትዝ፣ ሦስተኛው ደግሞ ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት የሚታይበት ጥቁር ኮሮላ አላቸው። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ የትኛው ኮምፓውንድ ይሻላል፣ ሥራውስ እዚሁ ደሴ ይሠራ ወይስ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ያስፈልጋል? መልሱ ግን ለሦስቱ መኪናዎች አንድ ስላልሆነ፣ በራሴና በወንድሜ መኪና ላይ እየሠራሁ ካየሁት ተነሥቼ በዝርዝር ልጻፈው።

ብዙ ሰው ኮምፓውንድን እንደ ቅባት ይቆጥረዋል። በሥራው ግን የሚቀርበው ለብርጭቆ ወረቀት ነው፤ በውስጡ ያለው እጅግ የደቀቀ ብናኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ የቀለሙን የላይኛውን ገጽ እየፋቀ ጭረቱ ካለበት ጥልቀት ጋር ያስተካክለዋል። ስለዚህ ጭረቱ ተሞልቶ ሳይሆን ዙሪያው ዝቅ ብሎ ነው የሚጠፋው። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ጠቅላላ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ክሊር የምንለው ከላይ የሚደረበው ሽፋን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። አንድ ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ስለሚወፍር፣ እንድንፍቀው የተሰጠን ሽፋን የወረቀት ግማሽ ቢሆን ነው። የፀሐይን ጨረር የሚከላከለውም ይኸው ክሊር ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ ጨረሩ ከቆላው ይልቅ ስለሚበረታ፣ በየዓመቱ «ይብራልኝ» እያሉ በጠንካራ ኮምፓውንድ ማስፋቅ ክሊሩን ለመላጥ ያጋልጠዋል። ከዚህ የተነሣ የምመክረው ሁልጊዜ ከለስላሳው ጀምሮ፣ ያ አልበቃ ሲል ብቻ ወደ ጠንካራው መሄድን ነው።

ነጭ ሃያስ ላላቸው ጎረቤቴ መጀመሪያ የቀለም ኮዱን እንዲያዩ ነግሬያቸዋለሁ። ኮዱ 040 የሆነው የቶዮታ ነጭ ለብዙ ዓመታት ክሊር ሳይደረብበት በአንድ ወጥ ቀለም ይቀባ ነበር። እንዲህ ያለው ቀለም ሲፋቅ የመወልወያ ማሽኑ ስፖንጅ ነጭ ይዞ ይመጣል፤ ይህም አያስደነግጥም። ክሊር በተደረበበት ብርማ ወይም ሰማያዊ ሜታሊክ (የሚያብለጨልጭ) መኪና ላይ ግን ስፖንጁ የመኪናውን ቀለም ይዞ ከመጣ ክሊሩ አልቋል ማለት ስለሆነ ወዲያው ማቆም ይገባል። ብዙ ኮምፓውንዶች ራሳቸው ነጭ በመሆናቸው፣ ነጭ መኪና ላይ ከስፖንጁ ይልቅ ኮዱን ማመን ይበጃል።

ወደ ምርቶቹ ልለፍ። ለጀማሪ የምጠቁመው በሦስት የክዳን ቀለም የሚለየውን ስሪኤም (3M) ነው፤ አረንጓዴው ጠንካራ፣ ቢጫው መካከለኛ፣ ሰማያዊው ማጠናቀቂያ ስለሆነ አያሳስትም። ሜንዘርና የጀርመን ሥራ ሲሆን ቁጥሩ በጨመረ መጠን ልስላሴው ይጨምራል፤ 400 ጠንካራው ነው፣ 2500 መካከለኛው፣ 3800 የመጨረሻው። ይህን ባለማወቅ «ትልቁን ቁጥር ስጠኝ» ብሎ ለከባድ ጭረት 3800 የገዛ ሰው አይቻለሁ፤ ምንም ሳይለወጥለት ቀርቷል። የሜጉያርስ 105 ብናኝ በሥራው መካከል እየደቀቀ አይሄድም፤ ስለዚህ ፍቀቱን የሚወስኑት የእጅ ጫና፣ የስፖንጁ ዓይነትና የቆይታው ጊዜ ናቸው። በሠለጠነ እጅ ግሩም ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽን ለሚይዝ ግን አልመክረውም። የእንግሊዙ ፋሬክላ ጂ3 በውኃ የሚሠራ ሲሆን፣ መድረቅ ሲጀምር ጥቂት ውኃ ረጭቶ መቀጠል ይቻላል።

ስያሜ በሌለው ቆርቆሮ ተቆንጥሮ የሚሸጠውን ግን ተዉት። ከዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ አንድ ላቫጆ መኪናዬን በዚህ ዓይነቱ ወለወለልኝ፤ ሲያስረክበኝ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሁለት ጊዜ በሳሙና ከታጠበ በኋላ፣ የድሮው ጭረት እንዳለ ተመለሰ፤ በዚያ ላይ ማሽኑ የተወው ክብ ክብ ጥላ ኮፈኑን ሞልቶት አገኘሁ። ያበራው ቅባቱ እንጂ ሥራው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የትም ባሠራ ከመክፈሌ በፊት ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል በእኩል ውኃ አቅጥኜ አንድ ቦታ እጠርግና በፀሐይ አየዋለሁ፤ ቅባቱ ሲነሣ ሥራው ራሱን ይናገራል። አዲስ የተቀባ ቀለም ላይ ግን ይህን አታድርጉ።

ላቫጆና የቀለም ጋራዥ ስናወዳድር፣ ላቫጆው ዋጋው ይቀንሳል፣ በሰዓታት ውስጥም ያስረክባል፤ ነገር ግን ለጠንካራውና ለለስላሳው ኮምፓውንድ አንዱን ስፖንጅ ሲጠቀሙ ካያችሁ አመስግናችሁ ውጡ፤ ስፖንጁ ውስጥ የቀረው ሻካራ ብናኝ ማጠናቀቂያውን ያበላሸዋል። የቀለም ጋራዥ ባለሙያ ማሽን መያዝ ያውቃል፤ ጉድለቱ ለጥቃቅን ጭረትም ከሱፍ ፓድ (አጥብቆ ከሚፍቅ የማሽን ልባስ) እና ከጠንካራው ኮምፓውንድ መጀመር መልመዱ ነው። ኮምቦልቻ ያገኘሁት አንድ ቀለም ቀቢ ግን ኮፈኑ ላይ 50 በ50 ሳንቲሜትር ቦታ ለይቶ፣ በለስላሳው ሞክሮ አሳይቶኝ፣ ከተስማማን በኋላ ነው ሥራውን የጀመረው፤ የፓራፋንጎውንና የበሮቹን ጠርዝም በቴፕ ሸፈነ፣ ምክንያቱም ቀለም በጠርዝ ላይ ስለሚሳሳ ማሽኑ በቀላሉ ያልፈዋል። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ደሴ ካገኛችሁ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ መውረድ አያስፈልጋችሁም። ኮምቦልቻ ይበልጥ ሞቃት ስለሆነች ቆርቆሮው ሳይግል በማለዳ፣ ጥላ ውስጥ አሠሩ፤ በጋለ ቆርቆሮ ላይ ኮምፓውንድ ቶሎ ደርቆ ይጣበቃል። በደሴ ክረምት ደግሞ ጣሪያ የሌለውን ጋራዥ እለፉት።

የቪትዟ ባለቤት ጋራዥ የተቀባውን ጎን በፋሬክላ እንድታስነካው እመክራታለሁ፤ ሲሊኮን የሌለበት ስለሆነ ወደፊት ቀለም ቢደገምበት አዲሱ ቀለም እየሸሸ ነጠብጣብ ጉድጓድ አይፈጥርም። ዋክስ (ቀለሙን የሚሸፍነው ሰም) መቀባቱ ግን ቢያንስ ለ30 ቀናት ይቆይ፤ አዲስ ቀለም ውስጥ የቀረው ማቅጠኛ መውጣት አለበት።

ጥቁሩ ኮሮላ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጭረቱን በጥፍር ሲዳስሱት ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ክሊሩን ሊያልፍ ስለሚችል በኮምፓውንድ አይሳደድ፤ የእሳቸው ግን አይይዝም። ስለዚህ በደንብ ታጥቦ፣ የተጣበቀው ቆሻሻ በክሌይ (ለዚሁ በተሠራ ለስላሳ ጭቃ መሰል ነገር) ተለቅሞ፣ በሜንዘርና 2500 ወይም በስሪኤም ቢጫው፣ በስፖንጅ ፓድ፣ ማሽኑ በደቂቃ ከ1,200 እስከ 1,500 ዙር እየዞረ ሦስት አራት ጊዜ ይመላለስበት፤ ከዚያ 3800 ወይም ሰማያዊው ይከተል፣ በጥቁር ላይ ይህ ደረጃ ሊዘለል አይገባም። ያ የሸረሪት ድር የመጣው በየጠዋቱ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ከማራገፍ ስለሆነ፣ ጨርቁን ከመኪናው ኪስ አውጥተው ለእኔ እንዲሰጡኝ ጠይቄያቸዋለሁ።