ጥቆማ፦ የካናቢስ ምርት መከርከሚያ፣ የእጅ መቀስ ወይስ የኪራይ ማሽን? (ኮሎራዶ)

ጠያቂው፣ አውሮራ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በኮሎራዶ ሕግ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው በተቆለፈ ቦታ እስከ 6 የካናቢስ ተክል ማብቀል ይችላል፤ ከእነዚህም በአንድ ጊዜ የሚያብቡት ከ3 መብለጥ የለባቸውም። የእኔ ሦስቱ ለመቆረጥ ደርሰዋል። ቅጠሉን ከአበባው ላይ ለመከርከም ጥሩ መቀስ ብትጠቁሙኝ፣ ማሽን መከራየትም ያዋጣ እንደሆነ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የዴንቨሩ፦ ማሽኑን ይተዉት። ባለፈው መኸር ከአንድ ሱቅ በእጅ የሚሽከረከር መከርከሚያ ተከራይቼ የደረቀውን አበባ ጨምሬ ሳዞረው፣ ዘለላው ሁሉ ተላጭቶ ድቡልቡል ሆኖ ወጣ፤ ሙጫ ያዘለው ነጭ ብናኝ ግን ከወንፊቱ ሥር ተጠራቅሞ ቀረ። ማሽኑን ስመልስም «ምላጩ ላይ ሙጫ ደርቋል» ብለው በመያዣ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ከለከሉኝ። በውሉ ላይ ስለ ጽዳት የተጻፈ አንድም ቃል የለም።

የሱቁ ደንበኛ፣ አውሮራ፦ የትኛው ሱቅ እንደሆነ ገምቻለሁ። አፈሩንም መብራቱንም ለዓመታት የገዛሁት ከእነሱ ነው፤ አንድም ቀን አስከፍተውኝ አያውቁም። ማሽን ተከራይቼ ባላውቅም ጥፋቱ የእነሱ ነው ብዬ አላምንም።

የዴንቨሩ፦ ያልተከራዩትን ማሽን ጠባይ ከእኔ በላይ እንዴት ሊያውቁ ቻሉ? ገንዘቤን የከለከለኝ እርስዎ የሚያወድሱት ሰው ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ወንድሞቼ፣ ጠያቂው እየጠበቁ ነው። ለ3 ተክል መቀስ ይበቃል። ፊስካርስ የሚባለው መቀስ ርካሽ ነው፤ ስፕሪንግ ስላለውም ራሱ ይከፈታል። እኔ የምወደው ግን የጃፓኑን ቺካማሳ ነው፤ ጫፉ ቀጭን በመሆኑ በአበባው መካከል የተሰገሰገውን ትንሽ ቅጠል ሳይቀር ያወጣል። ዘለላውን በግንዱ ይዘው እያዞሩ ይከርክሙ እንጂ አበባውን በጣትዎ አይጫኑት። ሙጫው መቀሱን ሲይዘው በአልኮል ይጥረጉት፤ ጓንትም አይርሱ።

ከመቀሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ አደራረቁ ነው። እኛ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ቤት 4 ተክል ተፈቅዶልናል፤ አየሩ እርጥብ ስለሆነም ሻጋታ እንዳይገባበት ገና እርጥብ ሳለ እንከረክማለን። የእናንተ የኮሎራዶ አየር ግን ደረቅ ነው። ስለዚህ ትልልቆቹን ቅጠሎች ብቻ አንስተው ቅርንጫፉን ጨለማ ክፍል ውስጥ ይስቀሉት፤ የቀረው ቅጠል አበባው በአንዴ እንዳይደርቅ ይከላከልለታል። ሙቀቱ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ አካባቢ ቢሆን መልካም ነው። ቀጭኑ ግንድ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ያን ጊዜ ይከርክሙት።

የሲያትሉ፦ እኛ ጋ ለመዝናኛ በቤት ማብቀል ክልክል ነው። ፈቃድ ያላቸው እርሻዎች ግን ከርካሚ ይቀጥራሉ፤ እጅዎ ከፈጠነ ሥራ አያጡም፤ እኔም የምተዳደረው በዚሁ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ወንድሜ፣ ዜግነት ያላገኘ ሰው ይህን ምክር ሰምቶ እንዳይጎዳ እፈራለሁ። ካናቢስ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ክፍለ ግዛቱ በፈቀደው የካናቢስ ድርጅት ተቀጥሮ መሥራት እንኳ ለዜግነት የሚጠየቀውን የመልካም ጠባይ መመዘኛ ሊያሳጣ ይችላል። ጠያቂውም ግሪን ካርድ ላይ ከሆኑ መቀስ ከመግዛታቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ፤ የሕዝብ ድምፅ ያጸደቀው የኮሎራዶ ሕግ በዜግነት ቃለ መጠይቅ ላይ አይከላከልላቸውም።

የሲያትሉ፦ እህቴ፣ እኔ ራሴ ግሪን ካርድ ላይ ነኝ። ማመልከቻዬን ገና አላስገባሁም። በዚህ ጉዳይ የሚታመን ጠበቃ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ልኬልሃለሁ። ሳታነጋግራት ምንም ቅጽ እንዳትሞላ።

የሱቁ ደንበኛ፣ አውሮራ፦ ጠያቂው፣ ቺካማሳውም ፊስካርሱም እኔ ከምገዛበት ሱቅ ይገኛሉ። ሌላ ቦታ አይድከሙ።

የዴንቨሩ፦ ከሄዱ አይቀር የመያዣ ገንዘቤን ይጠይቁልኝ፤ ደረሰኙ አሁንም እጄ ላይ ነው።