ኳንተም ያለ ኮምፕሌክስ ቁጥር ይሠራል? ለሴሚናር እርዱኝ

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)፦ ሰላም ጓዶች። የፊዚክስ ተማሪ ነኝ፤ ሰኞ ሴሚናር አቀርባለሁ። ርዕሴ «ኳንተም ቲዎሪ የግድ ኮምፕሌክስ ቁጥር ይፈልጋል ወይ?» የሚል ነው። ላብ ውስጥ የምናነበው ውጤት ሁሉ ሪል ቁጥር (√−1 የሌለበት ተራ ቁጥር) ነው። ታዲያ ኮምፕሌክስ ቁጥር ውስጥ ያለው √−1 ምን ይሠራል? አንዱ «አያስፈልግም» ይለኛል፣ ሌላው «በሙከራ ተረጋግጧል»። ማንን ልመን?

ደቻቱ፦ አቦ አታካብድ! ኮምፕሌክስ ቁጥር ማለት ሁለት ሪል ቁጥር ነው። √−1 ባለበት ሁሉ 2 በ2 ማትሪክስ (የቁጥሮች ሰንጠረዥ) ተካ፦ የላይኛው ረድፍ 0 እና −1፣ የታችኛው 1 እና 0። በራሱ አባዛው፣ አይደንቲቲው (እንደ 1 የሚያገለግለው ማትሪክስ) በ−1 ተባዝቶ ይመጣልሃል። አለቀ።

ጀጎል (ሐረር፣ መምህር)፦ አላለቀም ወንድሜ። ለአንድ ሲስተም ልክ ነህ፤ ዳይሜንሽኑ (ሲስተሙን ለመግለጽ የሚያስፈልገው የቁጥር ብዛት) እጥፍ ይሆናል እንጂ ስሌቱ አይዛባም። የኳንተሙን እኩልታ ያወጣው ሽሮዲንገር ራሱ በ1926 ለፊዚክስ ሊቁ ሎሬንትዝ ሲጽፍ ኮምፕሌክስ ቁጥሩ እንዳልተመቸው ተናግሯል። ጣጣው ያለው ሲስተሞችን ስታገናኝ ነው። በ2021 ሬኑ፣ ናቫስኬስና ባልደረቦቻቸው ኔቸር መጽሔት ላይ ያሳዩት ይህንን ነው። አሊስ፣ ቦብና ቻርሊ አሉ እንበል። አንድ ምንጭ የተቆራኙ (የመለኪያ ውጤታቸው የተሳሰረ) ቅንጣቶችን ለአሊስና ለቦብ ይልካል፣ ሌላው ለቦብና ለቻርሊ። ምንጮቹ አይተዋወቁም። ቦብ የደረሱትን ሁለቱን አንድ ላይ ይለካል። ከሦስቱም ውጤት አንድ ነጥብ ይሰላል። በሪል ቁጥር ብቻ የተሠራው ቲዎሪ ከ7.66 ገደማ አያልፍም። ተራው ኳንተም እስከ 6√2፣ ማለትም 8.49 ገደማ ይደርሳል። በሱፐርኮንዳክቲንግ ኪውቢት (ኪውቢት ትንሹ የኳንተም መረጃ መያዣ ነው) ሲሞከር 8.09 ተገኘ፤ ውጤቱ የታተመው በ2022 ነው።

የከዚራ ልጅ፦ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የደቻቱ ማትሪክስ ታዲያ የት ላይ ነው የሚወድቀው? ያልገባኝ እሱ ነው።

ጀጎል፦ ዘዴው እንዲሠራ የ√−1ን ሚና የሚሸከም ተጨማሪ ኪውቢት ያስፈልጋል፤ እሱንም ሦስቱም መጋራት አለባቸው። ምንጮቹ ነጻ ናቸው ካልክ ግን ከየት አምጥተው ይጋሩታል?

ሌሊት ኮድ፦ እዚህ ላይ መምህር ያላነሱት አለ። ይህ ሁሉ የቆመው ሲስተሞች በተለመደው ቴንሰር ፕሮዳክት (የሁለት ሲስተሞችን ሒሳብ ወደ አንድ በሚያጣምረው ስሌት) ይገናኛሉ በሚለው ደንብ ላይ ነው። በ2025 የወጡ ሥራዎች ደንቡን ለውጠው፣ በሪል ቁጥር ብቻ ከተራው ኳንተም ጋር አንድ ዓይነት ውጤት አግኝተዋል። ስለዚህ ስላይድህ ላይ «ሙከራው √−1 የግድ መሆኑን አረጋገጠ» ብለህ እንዳትጽፍ፣ ያፋጥጡሃል። «ምንጮቹ ነጻ ከሆኑና የተለመደው የማገናኛ ደንብ ከተያዘ፣ ሪል ብቻ አይበቃም» በል።

ጀጎል፦ እውነቱን ነው፣ እንደዚያ ጻፈው። ደግሞ 7.66ን ሰሌዳ ላይ ላውጣ እንዳትል፤ በኮምፒውተር ስሌት የተገኘ ገደብ ነው። ጊዜህን ሦስቱ ሰዎች ያሉበትን ሥዕል በደንብ በማስረዳት ጨርስ።