ጅማ ሆኖ ለሙዚቃ ኮሌጅ መዘጋጀት፦ ኪቦርድ፣ ክራር፣ መምህር፣ አፕ... የቱ ይቅደም?

ጥያቄ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፣ ሙዚቃ ካልሆነ ሌላ አላጠናም ብላ ቤቱን አውካዋለች። አባቷ ኪቦርድ ይገዛላት ይላል፣ እኔ መምህር ይቀጠርላት እላለሁ፣ ያለን ብር ግን ለአንዱ ነው የሚበቃው። ደሞስ ጅማ ውስጥ ይሄን የሚያስተምር ይገኛል? የምታውቁ ጠቁሙኝ፣ መንደራ ነው ያለነው።

መልስ፦ እትዬ እንደምን አሉ። ጥያቄዎን ሳነብ የኛው ቤት ነው ትዝ ያለኝ፣ ታናሽ እህቴም እንዲሁ ሙዚቃ ካላጠናሁ ብላ እንቅልፍ የነሳችን ጊዜ ሁላችንም ስለ ኪቦርድ ስናወራ ከረምን እንጂ ስለ ጆሮዋ ያወራ ሰው አልነበረም። እና መልሴን ከወዲሁ ልንገርዎ፣ ብሩ ለአንዱ ብቻ ከሆነ መምህር ይቅጠሩላት፣ ከተረፈ ክራር ይግዙላት፣ ኪቦርዱ ይደርሳል።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። እህቴ መጀመሪያ አዲስ አበባ ለሙዚቃ ኮሌጅ መግቢያው የተሰጥኦ ፈተና ስትሄድ ጣቷ ፈጣን ነበር፣ ከዩቲዩብ አይታ አራት አምስት ዜማ በቃሏ ትጫወታለች፣ ሰፈር ውስጥ ጎበዝ የተባለች ነበረች። ፈታኙ ፒያኖ ላይ ሁለት ድምፅ መትቶ "በአፍሽ መልሺው" ሲላት ሁለተኛውን ሳተችው፣ ሪትም አጨብጭቦ "ድገሚው" ሲላት ደሞ በድንጋጤ አፈጠነችው፣ በቃ እዛው አለቀ። ያን ቀን ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር መንገድ አንድ ቃል ሳትናገር ነው የመጣችው። በቀጣዩ ዓመት አዲስ ዕቃ ምንም አልገዛንላትም፣ ጠዋት ጠዋት 20 ደቂቃ በክራር እየሰማች መዝፈን ብቻ፣ ማታ ደሞ በስልክ ሜትሮኖም (እኩል ምት የሚቆጥር አፕ) ማጨብጨብ፣ በዓመቱ ሄዳ አለፈች። እዛ የሚፈለገው ተዘጋጅታ ያለቀች ሙዚቀኛ አይደለችም፣ የሰማችውን የምትይዝ ጆሮ ነው፣ ጣት እዛው አራት ዓመት ሙሉ ይሠራል።

አሁን ወደ ጅማ ልመለስ። መምህር ፍለጋ ያየኋቸውን በየዓይነቱ ላወዳድር።

ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የዜማ መምህር ጋ መሄድ በነፃ ነው ማለት ይቻላል፣ ለጆሮ ደሞ የሚወዳደረው የለም፣ ምክንያቱም መምህሩ ይላል ተማሪው ይቀበላል፣ ዞሮ ዞሮ ፈተናውም የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። የጎደለው ኖታ ነው፣ የአምስት መስመሩን ኖታ እዛ አታገኘውም። የፕሮቴስታንት መዘምራን ክፍሎች ደሞ ኪቦርድ አላቸው ድራም አላቸው፣ በድምፅ ከፋፍለው ሶፕራኖ አልቶ ቴነር ቤዝ ስለሚዘምሩ ሃርመኒ (የተለያዩ ድምፆች አብረው መስማማት) በጆሮዋ ይገባታል፣ ልምምዱ ቋሚ ስለሆነም ደስ ይላል፣ ግን አብዛኛው በኮርድ (አንድ ላይ በሚመቱ ድምፆች) ስም ነው የሚሠራው፣ ሲ ሜጀር ኤፍ ሜጀር ጂ እየተባለ፣ ሳይት ሪዲንግ (ያላዩትን ኖታ ወዲያው ማንበብ) ላይ አይበረቱም። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆኑ ደሞ መንዙማውን አይናቁት፣ በጅማ ዙሪያ በኦሮምኛ የሚባለው መንዙማ ከድቤው ጋር ሲሆን ሪትምን ሰውነት ውስጥ የሚተክል ነገር ነው፣ አንዱ መሪ ሆኖ ያወጣል ሌላው ይቀበላል፣ አሁንም ያው የመስማትና የመመለስ ሥራ ነው።

በግል የሚያስተምሩት ላይ ነው መጠንቀቅ። እኛ የቀጠርነው አንድ ሰው ለሦስት ወር ከፍለነው ያስተማራት የዘፈን መግቢያዎችን ብቻ ነው፣ ኖታ ስጣት ስንለው "ኖታ ለፈረንጅ ነው" አለን። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ቀላል ነገር ይፈትኑ፣ ከፍቶ የማያውቀውን አንድ ገጽ ኖታ ያስቀምጡለትና "በአፍህ ዶ ሬ ሚ እያልክ አንብብልኝ" ይበሉት። ቀስ ብሎም ቢሆን ካነበበ ይቅጠሩት፣ ካላነበበ ግን ሰውየው ጎበዝ ተጫዋች ሊሆን ይችላል ለርስዎ ልጅ ግን አይሆንም። ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች መሃል ሙዚቃ የሚችሉ ልጆች አይጠፉም፣ ዋናው ግቢም ቂጦ ፉርዲሳም ጠይቁ፣ የምህንድስና ተማሪ ሆኖ ኖታ አጥርቶ የሚያነብ ልጅ አውቃለሁ፣ ደሞ ከባለሙያው በርካሽ ያስተምራሉ።

ወደ መሣሪያው ስመጣ ዋጋ አልጽፍም፣ በየወሩ ስለሚቀያየር ያሳስታል።

ክራር። እኔ ይሄን ነው የምመርጠው፣ አገርኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ቲዎሪን በእጅ የሚያስነካ ስለሆነ ነው። አምስት ክር ያለውም ስድስት ያለውም አለ፣ ስድስቱን ትዝታ ሜጀር በሚባለው ቅኝት ከቃኙት ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ይልና ስድስተኛው ከፍ ያለው ዶ ይሆናል። አሁን ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጋቸው ወዲያው ትዝታ ማይነር ሆነ፣ ልጅቷ ግማሽ ድምፅ ማለት ምን እንደሆነ ከዛ በኋላ ማብራሪያ አትፈልግም፣ በጣቷ አጥብቃ አላልታ አይታዋለች። ከዛ ባቲ ሜጀር፣ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ። አምባሰል፣ ዶ ሬ ፍላት ፋ ሶል ላ ፍላት፣ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። አንቺሆዬ ደሞ ዶ ሬ ፍላት ፋ ሶል ፍላት ላ፣ ይሄኛውን በአፍ መዝፈን ከባድ ነው፣ እህቴን ሁለት ወር ፈጅቶባታል። አራቱን ቅኝት ከዶ ተነስታ ያለ መሣሪያ መዝፈን የቻለች ልጅ ኮሌጅ ገብታ ኢንተርቫል የሚባለው ነገር (በሁለት ድምፅ መካከል ያለው ርቀት) አያስፈራትም፣ ስሙን ብቻ ነው የምትማረው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፣ የድሮ ተጫዋቾች የሚቃኙት ከቱነሩ (ከድምፅ መለኪያው) መርፌ ጋር ልክ ላይገጥም ይችላል፣ የነሱ ጆሮ ስህተት ስላለበት አይደለም፣ ቱነሩ ኦክታቩን (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን) 12 እኩል ቦታ ከፍሎ ነው የሚለካው፣ የአገር ቤቱ ቅኝት ግን ሁልጊዜ እኩል የተከፈለ አይደለም።

የት ይሠራል ላላችሁ፣ ጅማ እኮ የእንጨት አገር ነው፣ በርጩማ የሚጠርቡት ባለሙያዎቻችን ዋንዛን ከማንም በላይ ያውቁታል። እኔ የክራሬ ቀንበር (ክሮቹ የሚታሰሩበት የላዩ እንጨት) ሲሰነጠቅ ሂርማታ አካባቢ በርጩማ ለሚሠራ ሰውዬ ነው የሰጠሁት፣ አይቶ የማያውቀውን ዕቃ ከመጀመሪያው አሳምሮ መለሰልኝ። ቆዳውን ግን የሚያውቅ ሰው ነው መወጠር ያለበት። ደሞ የጅማ ክረምት! ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል፣ ሐምሌ ላይ ጠዋት የቃኘሽው ከሰዓት ሌላ ነው። ከከሰል ምድጃ ራቅ አድርጎ ትንሽ ማሞቅ፣ ግድግዳ ላይ ሳይሆን በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ። ብረት ክር ያለው ድምፁ ጎላ ይላል ጣት ግን ይጎዳል፣ ለጀማሪ ናይለን ይሻላል።

ኪቦርድ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ብሩን የሚያፈሰው። ገበያ ላይ ርካሹ ያማሃ ፒኤስአር ኤፍ 52 ነው ብለው ያቀርቡላችኋል፣ 61 ቁልፍ አለው፣ መልኩም ያምራል፣ ግን ቀስ ብለህ ብትነካው በኃይል ብትመታው ድምፁ አንድ ነው፣ ሙዚቃ ላጠና ለሚል ሰው ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው፣ ለስላሳና ጠንካራ የሚባለውን ነገር ጣት ሳይማረው ይቀራል። እኛን የሸጠልን ሱቅ "ይነካል አይነካም" ብለን፣ ማለት ድምፁ እንደ አመታቱ ይለያያል ወይ ብለን ስንጠይቀው ይነካል ብሎን ነበር፣ ቤት ወስደን ነው ያወቅነው፣ አልመለሰልንም። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እዛው ባትሪ አስገብታችሁ አንዱን ቁልፍ በዝግታ አንዴ በኃይል አንዴ ንኩት። ፒኤስአር ኢ 373 የሚነካ ነው፣ 61 ቁልፍ፣ ስድስት ትንንሽ ባትሪም ይበላል፣ መብራት እንደሚጠፋበት እንደኛ አገር ይሄ ቀልድ አይደለም። ፒ 45 የሚባለው 88 ቁልፍ ያለው እንደ ፒያኖ የሚከብድ ነው፣ ፒያኖን ዋና ትምህርቱ ለሚያደርግ ልጅ እሱ ነው ትክክለኛው፣ ግን በባትሪ አይሠራም ዋጋውም ሌላ ዓለም ነው። አንድ ልጅ ገና ይገባል አይገባም ሳይታወቅ ይሄን መግዛት አልመክርም።

አፕና ሳይት ላይ ቶሎ ልለፍ። ኮምፒውተር ካላችሁ ሙዝስኮር አውርዱ፣ ነፃ ነው፣ የጻፍሽውን ኖታ መልሶ ይጫወትልሻል። ሙዚክቲዮሪ ዶት ኔት ላይ ያሉት ትምህርቶች ነፃ ናቸው፣ እንግሊዝኛቸው ቀላል ነው። ለጆሮ ፐርፌክት ኢር፣ አንድሮይድ ላይ ከፊሉ በነፃ ይሠራል። ኖታ ለማውረድ አይኤምኤስኤልፒ፣ የባህና የሞዛርት የመሳሰሉት የቅጂ መብታቸው ያለፈ ሥራዎች እዛ አሉ። በየትኛው ቅደም ተከተል ልማር ለምትሉ ኤቢአርኤስኤም የሚባለውን የእንግሊዞቹን የሙዚቃ ፈተና ቦርድ የቲዎሪ ደረጃዎች ተከተሉ፣ 8 ደረጃ ነው፣ ፈተናውን መክፈል አያስፈልጋችሁም፣ ዝርዝሩን ብቻ አይታችሁ እስከ 5ኛው ብትደርሱ ለኮሌጅ መነሻ ከበቂ በላይ ነው።

(ከአጂፕ የጠየቅከኝ ልጅ፣ ጊታርስ ላልከው፦ ወንድሜ ጊታር ጥሩ ነው፣ ናይለን ክር ያለውን ክላሲካል ያዝ፣ ያማሃ ሲ 40 ዓይነት፣ ነገር ግን በኮርድ ብቻ እየመታህ ሁለት ዓመት ካለፈህ ኖታ ማንበብ ያስጠላሃል፣ ከመጀመሪያው ቀን በአንድ ክር ዜማ እያነበብክ ጀምር።)

ታሪኩን የረሳው ሰው ብዙ ነው፣ እኛም ረስተነው ነበር። ኮሌጅ ላይ ፐርፎርማንስ (መጫወቱ)፣ ቲዎሪና ታሪክ ሦስቱም አብረው ነው የሚሄዱት፣ እህቴ ደሞ በጣም የከበዳት ታሪኩ ነው፣ የባሮክ ሙዚቃ ዘመን በፈረንጅ ከ1600 እስከ 1750 ብላ ስትሸመድድ ምንም አልያዘላትም፣ በኋላ እኔ ከምናውቀው ጋር አያይዢው አልኳት። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ፣ ሦስቱ የዜማ ስልቶቹ ግዕዝ ዕዝል አራራይ። ከዛ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቱን ያስፋፉት፣ በዛው ክፍለ ዘመን ጣልያን ውስጥ ፓሌስትሪና የቤተክርስቲያን ዜማ ይጽፍ ነበር፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታደርጋቸው ተያዘላት። ከዛ በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው 40ዎቹ የአርመን ልጆች፣ ከነሱ ጋር የመጣው የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ የነሐስ ባንዱ፣ ብሔራዊ መዝሙሩ። ከዛ አዲስ አበባ ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ። ከዛ ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ተነስቶ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ፒያኖ ያጠናው፣ ሙላቱ አስታጥቄ ለንደን ትሪኒቲና አሜሪካ በርክሊ የተማረው። የኛው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደሞ ለዓሊ ቢራ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷል፣ የጅማ ልጅ ይሄን ሳያውቅ አዲስ አበባ ባይሄድ ጥሩ ነው።

አዲስ አበባ ካልን፣ ያሬድ ማለት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ነው፣ እዛ ክራር ማሲንቆ ዋሽንት በገና ከፒያኖና ከቫዮሊኑ ጎን ለጎን ስለሚሰጡ ክራር ይዛ የሄደች ልጅ ባዶ እጇን አልሄደችም። የምዝገባ ጊዜውን በአካል ወይ በስልክ አስቀድማችሁ አረጋግጡ፣ በወሬ አትመኑ።

ምላሽ (ከኮቺ)፦ ወንድሜ ጥሩ ብለሃል ግን ማሲንቆን ዘለልከው። አንድ ክር ብቻ ስለሆነ ድምፁን የምታገኘው በጆሮህ ነው፣ ቁልፍ የለ ምልክት የለ፣ ጆሮ ከተባለ ከክራር ይልቅ እሱ ነው የሚያሠለጥነው።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ እውነትህን ነው፣ ለጆሮ ማሲንቆ ይበልጣል። ክራሩን ያስቀደምኩት ጀማሪ ማሲንቆ ላይ የመጀመሪያው ሁለት ሦስት ወር ከደጋኑ ጋር ብቻ ሲታገል ተስፋ ስለሚቆርጥ ነው። ጭራው ላይ ዕጣን ካልተቀባ ድምፅም አያወጣ፣ በክረምት ደሞ ቆዳው ያው ነው ይላላል። አስተማሪ ካላት ግን ማሲንቆ ብትይዝ አልቃወምም፣ አንተ የምታስተምር ከሆነ እዚሁ ጻፍላት።

ምላሽ (የመንደራዋ እናት)፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። ክራር ወስነናል። አባቷም አንብቦ ተስማማ። ሁለት ክራር አይተናል፣ የቱ እንደሚሻል አላወቅንም።

መልስ፦ እትዬ አይግዙ ገና። ልጅቷ ሁለቱንም አንድ በአንድ ትያዝና ክሮቹን ትቃኛቸው፣ ከቃኘች በኋላ 10 ደቂቃ ታስቀምጣቸው፣ ተመልሳ ስትነካቸው ድምፁ ያልወረደበትን ይውሰዱ። የክር ማሰሪያውን ቀንበሩ ላይ ዞር አድርጋ ትየው፣ ተንሸራቶ የሚመለስ ከሆነ ሌላው ቢያምርም ይተዉት። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ ሂርማታ ስለምገኝ ከፈለጉ አብሬያችሁ አያለሁ፣ ለልጅቷ ደሞ እስከዛ አንድ የቤት ሥራ፦ አያቷ የምታውቀውን አንድ ዘፈን፣ ኦሮምኛም ይሁን አማርኛ፣ በስልክ ትቅዳና በቃሏ ይዛ ትምጣ።