የፋርስ ድመት ጠጉር እየተቆነደለ አስቸገረኝ፤ ስለ ዘሯም የሚያውቅ ቢያስረዳኝ

ጥያቄ (ከአቡ ዳቢ)

ጤና ይስጥልኝ። በምሠራበት ቤት አንዲት ጠጉረ ረጅም ድመት አለች፤ እዚህ «ሺራዚ» ይሏታል፣ የፋርስ ድመት ማለታቸው ነው። ከልጆቹና ከወጥ ቤቱ ሥራ ጋር እርሷን መንከባከብም የእኔ ድርሻ ከሆነ ስምንት ወር አልፎታል። ነጭ ናት፣ ስሟ ሉሉ ነው፤ ፊቷ ጠፍጣፋ ሲሆን አፍንጫዋ በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል የተሰፋ አዝራር ይመስላል።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ ገጠር ነው። የእኛ ቤት ድመት ጎተራውን ከአይጥ ትጠብቃለች፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ራሷን ትልሳለች፤ ከዚያ በቀር ማንም አጥቧት ወይም አበጥሯት አያውቅም። ስለዚህ ሉሉን በተረከብሁ ጊዜ ውኃና ምግብ ካቀረብሁላት የቀረውን ራሷ ትወጣዋለች ብዬ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በብብቷና ከጆሮዋ ጀርባ ያለው ጠጉር ተቆነደለ። ላዩን ሲያዩት ለስላሳ ነው፤ ጣት ሲያስገቡበት ግን ከቆዳዋ ጋር የተሰፋ የሱፍ ቁራጭ የነኩ ይመስላል። ባለፈው ሳምንት ማዳም በመቀስ እንድቆርጠው ነግራኝ ስቆርጥ ቆዳዋን ነካሁት። ሐኪም ዘንድ ተወስዳ በሁለት ስፌት ተመለሰች፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መቀስ ማንሣት ፈርቻለሁ።

ሌላው ዓይኗ ነው። ዕንባዋ ሳያቋርጥ ይፈስሳል፣ ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝም ቡናማ መስመር ሠርቷል። ስትተኛ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ታንኮራፋለች። ይህ በሽታ ነው ወይስ ተፈጥሮዋ? የተቆነደለውንስ ያለ መቀስ እንዴት ልፍታው? ልጆቹ «ከኢራን የመጣች ናት» ይላሉ፤ እውነት ከሆነ በዚያ ሙቀት ይህን ሁሉ ጠጉር ተሸክማ እንዴት ኖረች?

መልስ 1 (የእንስሳት ሐኪም፣ አዲስ አበባ)

መቀሱን መፍራትዎ ትክክል ነው፤ እኛም ለዚህ ሥራ መቀስ አንጠቀምም። የድመት ቆዳ ስስና ልል ስለ ሆነ የተቆነደለውን ጠጉር ወደ ላይ በሳቡት ቁጥር ቆዳው አብሮ ይነሣል፤ በዓይን ጠጉር ከሚመስለው ግማሹ ቆዳ ሊሆን ይችላል። እጅዎን አይውቀሱ፣ ልምድ ያላቸውም ሰዎች በዚህ መንገድ ድመት አቁስለዋል።

ቁንዳላው ትንሽ ከሆነ በግራ እጅዎ ጣቶች የጠጉሩን ሥር ከቆዳው አጠገብ አጥብቀው ይያዙ፤ ሲያበጥሩ የሚመጣው መሳብ ቆዳዋ ላይ እንዳይደርስ የሚያደርገው ይህ አያያዝ ነው። ጥቂት የበቆሎ ስታርች ነስንሰው ቋጠሮውን በጣትዎ ወደ ትንንሽ ክፍሎች ይለያዩት፤ ከዚያም ጥርሱ ሰፋ ባለ የብረት ሚዶ ከጫፉ ጀምረው ጥቂት በጥቂት ወደ ሥሩ ይቅረቡ። ከሥሩ የጀመሩ እንደ ሆነ ቋጠሮውን ያጠብቁታል። ጅራቷን መወዝወዝ ስትጀምር ትዕግሥቷ አልቋልና ያቁሙ፤ የቀረው ለነገ ይሁን። ከቆዳዋ ጋር ተጣብቆ እንደ ምንጣፍ የሆነውን ግን አይታገሉት፤ እርሱ በሐኪም እጅ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በማደንዘዣ፣ በኤሌክትሪክ መላጫ የሚነሣ ነው። ሳትበጠርም አይጠቧት፤ የተቆነደለ ጠጉር ረጥቦ ሲደርቅ በውኃ እንደ ተረገጠ ሱፍ ይጠብቃል።

የደብረ ብርሃኗ ድመት ሰው ሳያበጥራት የኖረችው ጠጉሯ አጭር ስለ ሆነ ነው። የፋርስ ድመት ከሚታየው ረጅም ጠጉር ሥር ጥጥ የመሰለ ወፍራም የውስጥ ጠጉር አላት። ይህ የውስጥ ጠጉር ሲረግፍ መሬት ላይ አይወድቅም፤ በረጅሙ ጠጉር ተይዞ ይቀርና ይቆነደላል። ምላሷ ይህን ሁሉ አይችለውም፤ የቻለችውንም ስለምትውጠው ሆዷ ውስጥ እየተድበለበለ በማስታወክ ይወጣል። ስለዚህ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መበጠር አለባት። ሰው ሁሉ ጀርባዋን አሳምሮ ይተዋታል፤ ቀድመው የሚቆነደሉት ግን ብብት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ከአንገት ሥር፣ ሆድና ከኋላ እግሮቿ መካከል ያለው ቦታ ናቸው።

ዕንባው ከፊቷ አሠራር የመጣ ይመስለኛል። ዕንባን ከዓይን ወደ አፍንጫ የሚያወርደው ቀጭን ቱቦ ፊት ሲያጥር ስለሚጣመምና ስለሚጠብ ዕንባው መውጫ አጥቶ በጉንጭ ይፈስሳል፤ ነጭ ጠጉር ላይ ደግሞ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጥጥ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ጥጥ ይዘው፣ ዓይናሩንና ዕንባውን በየቀኑ ይጥረጉላት። ዓይኗን ከጨፈነች፣ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ከተለወጠ፣ ወይም ብሌኗ ላይ ጉም የመሰለ ነገር ካዩ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይያት፤ ወደ ውጭ የወጣ ትልቅ ዓይን ቶሎ ይቆስላል።

ማንኮራፋቱንም «ተፈጥሮዋ ነው» ብለው አይለፉት። ፊቱ ባጠረ ቁጥር የአፍንጫው ቀዳዳ ይጠብባል፣ ላንቃውም ለአፏ ይረዝማል። ስትተኛ ደረቷ አንድ ጊዜ ተነሥቶ መውረዱን እንደ አንድ ቆጥረው በአንድ ደቂቃ ስንት እንደሚሆን ይመልከቱ፤ በተደጋጋሚ ከ30 በላይ ከሆነ ወይም እንደ ውሻ አፏን ከፍታ ካለከለከች መታየት አለባት።

መልስ 2 (ከሮም)

ስለ ሕክምናው ሐኪሙ በቂ ተናግረዋል፤ እኔ የልጆቹን ነገር ላንሣ። «ከኢራን ናት» ማለታቸው ግማሹ እውነት ነው።

የዚህ ከተማ ሰው የነበረው መንገደኛ ፒዬትሮ ዴላ ቫሌ እ.ኤ.አ. በ1620 በፋርስ፣ በዛሬዋ ኢራን፣ ካለችው ከኢስፋሃን ከተማ በጻፈው ደብዳቤ የኮራሳን (በምሥራቅ ፋርስ ያለ አገር) ዘር ስለ ሆኑ ግራጫ ድመቶች ይናገራል፤ ጠጉራቸው ረጅምና እንደ ሐር የለሰለሰ፣ በተለይም ጅራታቸው ላይ እጅግ የረዘመ እንደ ሆነ ገልጾ ወደ ጣልያን ሊያመጣቸው ማሰቡን ጽፏል። ኮራሳን ደግሞ እርስዎ እንዳሰቡት የባሕረ ሰላጤው ዓይነት ሙቀት ያለበት አገር አይደለም፤ ተራራማ ነው፣ ክረምቱም በረዶ ይጥልበታል። በዚያው ክፍለ ዘመን ከአንካራ፣ በድሮ አጠራሯ ከአንጎራ፣ ሌሎች ጠጉረ ረጅም ድመቶች ወደ ፈረንሳይ ገብተዋል። አውሮፓውያን ሁለቱን እየደባለቁ ስላራቧቸው ለረጅም ጊዜ ስማቸው እንኳ በደንብ አልተለየም ነበር።

ዛሬ ሉሉ ላይ የሚታየው መልክ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1871 ሃሪሰን ዊር የተባለ ሠዓሊ ለንደን ውስጥ ክሪስታል ፓላስ በተባለው የትርኢት አዳራሽ ትልቅ የድመት ትርኢት አዘጋጀ፤ ድመት በዳኛ ፊት ቀርባ በመልኳ መሸለም ከዚህ በኋላ ልማድ ሆነ። ንግሥት ቪክቶሪያም የፋርስ ድመቶች ስለ ነበሯት ዘሩ በባላባቶች ዘንድ ተፈላጊ ሆነ። አርቢዎቹ ጠጉሩ የበዛውን፣ ራሱ የከበበውን፣ እግሩ ያጠረውን እየመረጡ አዋለዱ። ሆኖም የዚያን ዘመን ፎቶግራፎች ላየ ሰው ድመቶቹ በግልጽ የሚታይ አፍንጫ አላቸው። ፊቱ ይህን ያህል የተጨፈለቀው በሃያኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይም ከአጋማሹ ወዲህ፣ በአሜሪካ አርቢዎች እጅ ነው፤ እጅግ የጠፈጠፈውን መልክ በፔኪኒዝ ውሻ ስም «ፔክ ፌስ» ይሉታል። ለእኔ ይህ ሽልማት ያበላሸው መልክ ነው፤ የማይስማሙ እንዳሉ አውቃለሁ። አፍንጫ ያላት የድሮዋ ዓይነት ግን አልጠፋችም፣ «ዶል ፌስ» (የአሻንጉሊት ፊት) በሚል ስም ዛሬም ትረባለች።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የዘረ መል ጥናት ደግሞ ዛሬ ያሉት የፋርስ ድመቶች በዘረ መላቸው ከመካከለኛው ምሥራቅ ድመቶች ይልቅ ለምዕራብ አውሮፓ ድመቶች እንደሚቀርቡ አሳይቷል። ስሟ የፋርስ፣ ደሟ የአውሮፓ ነው ማለት ይቻላል።

ጠያቂዋ (ከአቡ ዳቢ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የብረት ሚዶ ተገዝቶልኛል። ትንፋሿን ትናንት ማታ ሁለት ጊዜ ቆጠርሁት፤ 24 እና 26 ሆነ።

ሦስት ነገር ልጨምር። የማዳም እኅት ተመሳሳይ ወንድ ድመት ስላላት ሁለቱን ሊያዋልዱ ያስባሉ። ሙቀቱ ሲበረታም ገላዋን በሙሉ ለመላጨት ተነጋግረዋል። በመጨረሻም ክንዴ ላይ ሳንቲም የሚያህል፣ ክብ፣ ጠርዙ የቀላና የሚያሳክክ ነገር ወጥቶብኛል፤ ከድመቷ ይሆን?

መልስ 3 (ከቨርጂኒያ)

እህቴ፣ አይዞሽ። የእኔዋ የፋርስ ድመት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ካንቺ የባሰ ተቸግሬ ነበር። የጠቀመኝ ሰዓት መወሰኔ ነው። ማታ ቡና ካፈላሁ በኋላ ጭኔ ላይ ፎጣ ዘርግቼ አስቀምጣታለሁ፣ መጀመሪያ የምትወደውን አገጯን አበጥራለሁ፣ ብብቷ ላይ የምደርሰው ዓይኗ ሲከደን ነው። አሁን የስኒው ድምፅ ሲሰማት ራሷ ትመጣለች።

ጠባይዋ ረጋ ያለ ነው፤ መጋረጃ ላይ አትሰቀልም፣ እንግዳ ሲበዛ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትሄዳለች። ነገር ግን ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ነውና ባለፈው ፋሲካ ለዶሮው ያወጣሁትን ንጥር ቅቤ እስከ ጆሮዋ ተቀብታ አገኘኋት። ቅቤ በዚያ ጠጉር ውስጥ ሲገባ የሚያወጣው የድመት ሻምፑ ብቻ ነው፤ ያውም ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ እስከ ሥሩ በፎጣና ለብ ባለ አየር እያደረቅሁ፣ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች አሉ። የምትጸዳዳበት አሸዋ ከኋላ ጠጉሯ ጋር ስለሚጣበቅ በየጊዜው እይላት፤ እዚያ ያለውን ጠጉር ሐኪም ቤት በመላጫ ያሳጥሩልሻል። ምግቧንም ዝርግ በሆነ ሰፊ ሳህን አቅርቢላት፤ ፊቷ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ከጎድጓዳ ሳህን ማንሣት ይቸግራታል። ቤት ውስጥ የሊሊ አበባ የሚገባ ከሆነ ደግሞ አስወጪው፤ ብናኙን ከጠጉሯ ላይ ብትልሰው እንኳ ኩላሊቷን ይገድላል።

መልስ 4 (የእንስሳት ሐኪም፣ አዲስ አበባ)

24 እና 26 ደህና ነው።

የክንድዎ ነገር ጭርት ይመስላል። ጭርት በሻጋታ የሚመጣ ሲሆን ከድመት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ የፋርስ ድመት በተለይ የምትጠቃበት ከመሆኑም በላይ ምንም ምልክት ሳይታይባት በጠጉሯ ልትሸከመው ትችላለች። እርስዎ የሰው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ ሉሉም ትመርመር፤ አንዱ ብቻ ቢታከም ከሌላው ይመለስበታል። በቤቱ ያሉት ልጆችም ይታዩ። ሚዶውን፣ ፎጣውንና መኝታዋን በሙቅ ውኃና በሳሙና ይጠቡ፣ የረገፈውንም ጠጉር በየቀኑ ይሰብስቡ።

ማዋለዱን በሚመለከት ግን ማዳም አስቀድመው አንድ ነገር እንዲያውቁ ያስፈልጋል። በዚህ ዘር ውስጥ ኩላሊት ላይ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያበዛ የዘር በሽታ አለ። ረጅም ጠጉር የሚወረሰው ከሁለቱም ወላጆች ሲመጣ ብቻ ነው፤ ለዚህ በሽታ ግን አንዱ ወላጅ ይበቃል፤ ከታመመ ወላጅ ከሚወለዱት ግልገሎች ግማሽ ያህሉ ይወርሱታል። ምርመራው ከመለመዱ በፊት በተለያዩ አገሮች ሲታይ ከሦስት የፋርስ ድመቶች አንዷ ገደማ በሽታው ነበረባት። ከረጢቶቹ ከልደት ጀምሮ ያሉ ቢሆኑም ቀስ ብለው ስለሚያድጉ ኩላሊቷ መድከሙ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው፤ እስከዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወልዳ ይሆናል። የበሽታው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ታወቀ ከአፍ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና ይለያል፤ አልትራሳውንድም ያሳያል። ሁለቱም ድመቶች ነጻ መሆናቸው ሳይረጋገጥ አያገናኟቸው። ነጻ ቢሆኑም ራሱ ትልቅ የሆነ ግልገል በምጥ ጊዜ ያስቸግራልና እኔ ብጠየቅ ማምከኑን እመርጣለሁ።

ገላዋን በሙሉ መላጨቱን አልመክርም። ነጭ ድመት ስትላጭ ፀሐይ ቆዳዋን ያቃጥላታል፣ በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥም ይበርዳታል፤ የሆዷንና የብብቷን ማሳጠር ይበቃል። ዋናው በቀኑ ሙቀት ወደ ሰገነት አለመውጣቷና መኪና ውስጥ ለአፍታም አለመተዋ ነው።

ጠያቂዋ (ከአቡ ዳቢ)

የክንዴን ሐኪሙ አይቶት ጭርት ነው አለኝ፣ የሚቀባ መድኃኒትም ሰጠኝ፤ ሉሉም ከጠጉሯ ናሙና ተወስዷል። የኩላሊቱን ነገር ለማዳም ስነግራት ለእኅቷ ደወለች፤ ምርመራው እስኪደረግ ድመቶቹ አይገናኙም። ከጆሮዋ ጀርባ የነበረው ቁንዳላ በአራት ቀን ተፈትቷል። የግራ ብብቷ ግን አልቻልሁትም፣ ከቆዳዋ ጋር ተጣብቋል፤ ለሐሙስ በመላጫ እንዲያነሡላት ቀጠሮ ተይዞላታል።