ክራርና ባንጆ ይዘን ሐይቅ ልናድር ነው፤ ምክር እንፈልጋለን

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴና ከኮምቦልቻ የተሰባሰብን ጓደኛሞች ነን። አንዱ ጓደኛችን አሜሪካ ኖሮ ሲመጣ ባንጆ የሚባል ባለ አምስት ክር መሣሪያ ይዞ መጣ። ብሉግራስ የሚባለውን የአሜሪካ ባህላዊ የክር ሙዚቃ እዚያ ለምዶ አሁን ውሎ አዳሩ ከባንጆው ጋር ነው። እዚያ ሰው በበጋ ድንኳኑን ጭኖ ከጓደኞቹ ጋር ሜዳ ላይ ይወጣና ቅዳሜና እሁድን ሙዚቃ ሲሰማና ሲጫወት ያሳልፋል ብሎ ሲነግረን ሁላችንም ልባችን ተነሳ። አንዷ ክራር ትጫወታለች፣ አንዱ ማሲንቆ፣ እኔ ጊታር። እና ሐይቅ ወርደን አንድ ሌሊት አድረን ልንመለስ ነው። ድምፅ ማጉያ አንይዝም።

የምጠይቃችሁ፣ ሐይቁ ዳር የት ማረፍ ይሻላል? መቼ ብንሄድ ጥሩ ነው? ዋናው ደግሞ የቅኝቱ ነገር ነው። ቤት ውስጥ ስንሞክረው ትዝታ ላይ ባንጆውና ክራሩ በጣም ይስማማሉ፣ አምባሰል ስንጀምር ግን ባንጆው ይጣረሳል። ወሎ ሆነን አምባሰል ሳንጫወት ማደር ደግሞ አይሆንም። የሚያውቅ ሰው ይርዳን።

ሎጎ፦

እንኳን ደህና መጣችሁ፣ እኔ እዚሁ ሐይቅ ነኝ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መናኸሪያ ሄዳችሁ መኪና ታገኛላችሁ፣ ዕቃ ስለምትይዙ ግን ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ጠይቁ፣ ሳይመሽም ግቡ።

ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጡ መዝናኛዎች አሉ፤ ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ለመትከል ባለቤቱን አስፈቅዱ። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ግን አታድሩ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት ገዳም ነው፣ መነኮሳቱ ሌሊት ጸሎት ላይ ናቸው፣ ውሃ ደግሞ ድምፅ አርቆ ይወስዳል። ሌላኛው ዳር ላይ ብትሆኑ እናንተም ሳትሳቀቁ ትጫወታላችሁ። ጠዋት ገዳሙን ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ሴቶች ወደ ውስጥ እንደማይገቡ ክራር ለምትጫወተው እህታችን ቀድማችሁ ንገሯት።

ስለ ምግብ አትጨነቁ። እስላምም ክርስቲያንም አብራችሁ ከሆናችሁ የሥጋ ነገር አያስቸግራችሁም፣ ዓሣ ለሁሉም ይሆናል። ጀበናና ከሰል ግን ከቤት ያዙ።

ቦርከና ማዶ፦

ኧረ ባቲ ሂዱ! ቆላ ነው፣ ሌሊቱ አይበርድም፣ እሁድን ካደራችሁ ሰኞ ገበያውን ታያላችሁ። ከኮምቦልቻም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሙዚቃ ከሆነ ቅኝቱ በስሙ የተጠራለት አገር ነው።

ሎጎ፦

ወንድሜ ባቲን ማን ይጠላል። እነሱ ግን እሁድ መመለስ አለባቸው፣ ሰኞ ሥራ ነው።

የክር ሰው፦

እኔ ክራር አስተምራለሁ፣ ስለ ቅኝቱ ልንገራችሁ። ባንጆ በተለመደው ቅኝቱ ክሮቹ በጣት ሳይያዙ ሲመታ የሚሰጠው ሶል፣ ሲ እና ሬ ነው። ክራሩን ከሶል ተነስታችሁ ትዝታ ሜጀር ስትቃኙት ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናል። የባንጆው ክፍት ክሮች በሙሉ እዚያ ውስጥ አሉ፣ ለዚህ ነው ያማረላችሁ። ብዙ የብሉግራስ ዜማዎች የሚሄዱትም በነዚሁ አምስት ድምፆች ነው። ባቲ ሜጀርንም ሞክሩት፤ ሶል፣ ሲ፣ ዶ፣ ሬ፣ ፋ ዳይዝ (ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ፋ) ስለሆነ ባንጆው ምንም ሳይነካ ይገባል።

አምባሰል ግን ከሶል ሲነሳ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት ነው፤ ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ሲ የለበትም! የሚጣረሰው እሷ አንዷ ክር ናት። የባንጆውን ሁለተኛ ክር ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ ዶ ላይ አስቀምጡት። ያን ጊዜ ክፍቶቹ ሶል፣ ዶ፣ ሬ ብቻ ይሆናሉ፣ ሦስቱም የአምባሰል ናቸው። ጓደኛችሁን ጠይቁት፣ የአሜሪካ ተራራማ አገር ተጫዋቾችም የድሮ ዜማ ሲጫወቱ እንዲሁ የሚቃኙበት ጊዜ አለ። አጭሯ አምስተኛ ክር ሶልን እየደጋገመች ትቆይ፣ ዜማውን ለማሲንቆው ተዉለት። አንተ ደግሞ ጊታርህ ላይ ሜጀር ኮርድ አታብዛ፣ አምባሰልን ያደበዝዘዋል። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ጆሮህን ሰጥተህ ስማው፣ ድምፁ እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚወርድ ትይዘዋለህ።

ሌላው፣ ሐይቅ ዳር ሌሊት እርጥበት አለ። የማሲንቆው ቆዳ ይላላና ድምፁ ይሞታል። ከእሳቱ ራቅ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ አሙቁት፣ በጣት ስትመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ ይበቃዋል። ለደጋኑ ጭራ ዕጣን እንዳትረሱ።

ጦሳን ናፋቂ፦

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ አሁን ኮሎራዶ ነው የምኖረው። ይህን ሳነብ እንዴት ደስ እንዳለኝ! እዚህ ቴሉራይድ በምትባል በተራራ የተከበበች ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ ላይ የብሉግራስ ፌስቲቫል አለ። ከጓደኞቼ ጋር ሄጃለሁ። ከፍታው ከደሴም ይበልጣል፣ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ በጋቢ ነው የሚቻለው። ሰው ጠዋት ሸራውን መድረኩ ፊት አንጥፎ ይሄዳል፣ ቦታውን ማንም አይነካበትም።

እኔ ግን የወደድኩት መድረኩን አይደለም። ማታ ድንኳኖቹ መሀል ሰው ክብ ሠርቶ የሚጫወተውን ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች ባንጆ፣ ማንዶሊን፣ ቫዮሊን፣ ጊታርና ትልቁን ባስ ይዘው ይቆማሉ። ከበሮ የለም። ዜማውን ያነሳው ሰው ቅኝቱን ይናገርና ይጀምራል፣ ከዚያ በዓይኑ ተራ ይሰጣል። ተራው የደረሰው ለብቻው ጎልቶ ይጫወታል፣ ሌላው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያጅበዋል። ጀማሪም አይባረርም፣ ከክቡ ውጭ ቆሞ በቀስታ ይከተላል። እናንተም ይህን ያዙት። በተለይ ባንጆ በጣም ይጮሃል፣ የክራሯን ድምፅ ይውጠዋል። ስለዚህ እሷ ስትጫወት ባንጆው አንድ ሁለት ክር ብቻ ይንካ፣ ጭራሽ ዝም ቢልም ነውር የለውም።

ለጓደኛችሁ ደግሞ ይህን ንገሩልኝ፤ ኬንተኪ የተወለደው ቢል ሞንሮ ይህን ሙዚቃ መልክ ያስያዘው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው፣ በ1945 መጨረሻ ኧርል ስክራግስ በሦስት ጣት የሚመታ ባንጆውን ይዞ ቡድኑን ተቀላቀለ። ባንጆው ራሱ ግን ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ይዘውት የሄዱት የሙዚቃ መሣሪያ ልጅ ነው። ወሎ ላይ እንደ እንግዳ አትዩት።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦

አቦ ኑሩልን! አሁኑኑ ሞከርነው፣ ሁለተኛዋን ክር ዶ ላይ ስናስቀምጣት አምባሰል ቁጭ አለ፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ ካልደገምን ብሎ አስቸገረን። ጊታሬንም ዝቅ አድርጌያለሁ።

ክረምቱ ይውጣና ጥቅምት ላይ እንሄዳለን፣ ብርዱም ገና ስለማይጠና። ሎጎ፣ ስንደርስ እንደውልልሃለን፣ ቁጥርህን በውስጥ መስመር ላክልኝ። ቦርከና ማዶ፣ ባቲ ለጥር ትሁን፣ ያኔ ሰኞን ፈቃድ እንወስዳለን። ኮምቦልቻ ያላችሁና መሣሪያ የምትጫወቱ ካላችሁ ሚኒባሱ ላይ ቦታ አለ። በተለይ ዋሽንት የሚነፋ ሰው እንፈልጋለን፣ በሶል የተቃኘ ዋሽንት ያለው ይጻፍልኝ።