«ሻረ» ወይስ «እጁን ሰበሰበ»? የአሜሪካ ግዛቶችና የፌዴራል የጦር መሣሪያ ሕግ

ጥያቄ፦ «ሚዙሪ የፌዴራሉን የጦር መሣሪያ ሕግ ሻረች» የሚል አገላለጽ ያጋጥመኛል። አንድ ግዛት ከበላዩ ያለውን መንግሥት ሕግ መሻር ይችላልን? ካልቻለስ ለድርጊቱ የሚስማማው የአማርኛ ቃል የትኛው ነው?

መልስ፦ «ሻረ» በዚህ ቦታ በሁለት መንገድ ያሳስታል። ቃሉ የ«ሾመ» ተቃራኒ ነው፤ «ሹም ሽር» ስንል የሚሽረው ለመሾም ሥልጣን ያለው አካል መሆኑን እንረዳለን፤ ሕግንም የሚሽረው ያወጣው ምክር ቤት ወይም ከእርሱ በላይ የሆነ አካል ነው። በሌላ በኩል «ሰንበትን ሻረ» ሲባል ሰውዬው ትእዛዙን ጣሰ ማለት እንጂ ሰንበት ቀረ ማለት አይደለም። ስለዚህ አንባቢው ዐረፍተ ነገሩን ወይ «ሕጉ ከነአካቴው ቀረ» ብሎ ወይም «ሚዙሪ ሕጉን ተላለፈች» ብሎ ይተረጉመዋል፤ የተደረገው ግን አንዱም አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ገዥው ማይክ ፓርሰን የፈረሙት የሚዙሪ ሕግ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይዞ ነበር። በአንድ በኩል አንዳንድ የፌዴራል ሕጎች መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅን መብት ስለሚነኩ በግዛቱ ውስጥ ዋጋ የላቸውም ብሎ ያውጃል። በሌላ በኩል የግዛቱና የከተሞቹ ፖሊሶች እነዚያን ሕጎች በማስፈጸም ሥራ እጃቸውን እንዳያስገቡ ይከለክላል፤ ክልከላውን የተላለፈ የፖሊስ መሥሪያ ቤትም በእያንዳንዱ ጥሰት 50,000 ዶላር እንዲቀጣ ይደነግጋል። ለፊተኛው ክፍል የሚሆን ቃል በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ላይ እናገኛለን፤ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሕግ «ተፈጻሚነት አይኖረውም» ይላል። በወንጌልም «ልፈጽም እንጂ ለመሻር አልመጣሁም» ተብሎ የ«መሻር» ተቃራኒ «መፈጸም» ሆኖ መቀመጡን ልብ ይሏል። ለኋለኛው ክፍል ግን «እጅ መሰብሰብ» ወይም «ትብብር መንፈግ» የሚለው ይስማማል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው የፌዴራሉ መንግሥት በሚዙሪ ላይ ያቀረበው ክስ የተቋጨበት መንገድ ነው። የፌዴራሉ ስምንተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2024 ሕጉን ውድቅ ሲያደርግ፣ ሚዙሪ ፖሊሶቿን ከፌዴራል ሥራ ማራቅ መብቷ ቢሆንም ይህንን ማድረግ የምትችለው ግን የፌዴራሉን ሕግ ዋጋ የለህም በማለት አይደለም ሲል አስረድቷል። እጇን ብቻ ሰብስባ ዝም ብትል ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እጅ የመሰብሰብ መብት ከየት መጣ ለሚል፣ የታወቀው ውሳኔ የ1997ቱ ነው። ብሬዲ በሚባለው ሕግ መሠረት፣ ሽጉጥ ለመግዛት የሚመጣን ሰው ማንነት የማጣራቱ ሥራ ለጊዜው በየአካባቢው የፖሊስ ሹማምንት ላይ ተጥሎ ነበር። የሞንታናው ሸሪፍ ጄይ ፕሪንትዝ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» በሚል ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ5 ለ4 ድምፅ፣ የፌዴራል መንግሥት የግዛቶችን ሹማምንት አስገድዶ ሊያሠራ አይችልም ሲል ወሰነ። ሕጉ ግን ሕግነቱ አልቀረም፤ የሚያስፈጽመው ሰው ከዋሽንግተን ይላክ ማለት ነው።

አስተያየት፦ ለዚህ ጉዳይ «ልግም» የሚለው ቃላችን አይበቃምን? ልግመኛ ሠራተኛ ትእዛዙን አልቃወምም እያለ ሥራውን ያጓትታል። «ሸፈተ» የሚሉም አሉ።

ምላሽ፦ «ልግም» ውብ ቃል ነው፤ ይሁን እንጂ በልግም ውስጥ ማስመሰል አለ። ልግመኛ አሞኛል ይላል፤ ሚዙሪ ግን አልሠራም ያለችው በአደባባይ፣ በፊርማና በማኅተም ነው። «ሸፈተ» ደግሞ እጅግ ይከብዳል፤ ምናልባት በ1832 ደቡብ ካሮላይና ላይ ቢውል ያስኬድ ይሆናል። ያ ግዛት የፌዴራሉን የቀረጥ ሕጎች ዋጋ ቢስ ናቸው ብሎ ከማወጁም በላይ፣ በኃይል ከተገደድሁ እገነጠላለሁ ብሎ ዝቶ ነበር፤ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰንም ድርጊቱን ወደ ክሕደት የሚያደርስ አድርገው ተናገሩ። በቀጣዩ ዓመት የፌዴራሉ ምክር ቤት ለፕሬዚዳንቱ በጦር የማስከበር ሥልጣን ከመስጠቱ ጎን ለጎን ቀረጡንም ቀነሰ፤ ነገሩም በዚሁ በረደ።

ይህ መንገድ የአንድ ወገን ብቻ እንዳይመስለን፣ በ1850 የወጣውን ያመለጡ ባሪያዎችን የማስመለስ ሕግ የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎት እንደነበር ማስታወስ ይገባል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1859 ያንን ውሳኔ ሻረው፤ እዚህ ላይ «ሻረ» ያለ ቦታው አልገባም።

ቃል ሲምታታ ሰው እንደሚጎዳ ደግሞ ካንሳስ ምስክር ናት። የ2013ቱ የካንሳስ ሕግ በግዛቱ ተሠርቶ ከግዛቱ ያልወጣ መሣሪያ የፌዴራል ሕግ አይደርስበትም ይል ነበር። ይህንን አምነው፣ አንዱ በፌዴራል ያልተመዘገበ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ሠርቶ ሸጠ፣ ሌላው ገዛ፤ ሁለቱም በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኞች ተባሉ፤ የግዛቱን ሕግ ተማምነን ነው ማለታቸውም አላዳናቸውም። ሞንታና በ2009 ተመሳሳይ ሕግ ስታወጣ፣ በመሣሪያው ዋና ብረት ላይ «በሞንታና የተሠራ» የሚል ጽሕፈት እንዲቀረጽ አዝዛ ነበር፤ ሕጉን ግን የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2013 አልተቀበለውም።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ አንዳንድ አውራጃዎች በመሣሪያ ጉዳይ ራሳቸውን «መማፀኛ» ብለው ሰይመዋል ይባላል። ቃሉ ለስደተኞች አልነበረምን?

ምላሽ፦ ነበር፤ የተወሰደውም ሆን ተብሎ ነው። በ2018 በኢሊኖይ ግዛት የምትገኘው ኤፊንግሃም የተባለች አውራጃ፣ እነ ቺካጎ ለስደተኞች የሚጠቀሙበትን ስያሜ ለመሣሪያ ባለቤቶች አዋለችው፤ በዚያ ጊዜ የተቃወመችውም የገዛ ግዛቷን ረቂቅ ሕጎች ነበር። በ2019 መጨረሻ በቨርጂኒያም ብዙ አውራጃዎች ተከተሏት። «መማፀኛ ከተማ» ከኦሪት ዘኍልቍ ስለምናውቀው ለጆሯችን አዲስ አይደለም፤ ሳያስበው ነፍስ ያጠፋ ሰው እዚያ ሲገባ ደም መላሹ አይነካውም። በአሜሪካው «መማፀኛ» ግን የፌዴራል ፖሊስ እንዳይገባ የሚከለክል የለም፤ የተከለከለው የአካባቢው ሸሪፍ አብሮት እንዳይሄድ ነው። ስለዚህ ቃሉን እንደ ስያሜ በትእምርተ ጥቅስ አስቀምጦ፣ ከጎኑ «ትብብር የነፈገች አውራጃ» ብሎ ማብራራት ይሻላል።